«ፍሬሙ ላይ ተጽፏል» እና ሌሎች የሚኒየቸር ስህተቶች

ሥራዬ ለንደን ውስጥ የድሮ ሚኒየቸር መመዝገብ ነው፤ መዳፍ ላይ የምታርፍ የሰው ፊት ሥዕል ማለት ነው። ሰሞኑን አንድ ሰውዬ ሉል ያደረገች ሴት ይዞ መጣ። «የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ ናት።» በምን አወቅክ? «ፍሬሙ ላይ ተጽፏል።»

ኧረ በፈጠራችሁ፣ ፍሬም ይቀየራል! ሥዕሉ የ16ኛው፣ ፍሬሙ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊሆን ይችላል። ስም የሌላት ሴት በርካሽ ትሸጣለች፤ ንግሥት ከተባለች ዋጋዋ ሰማይ ይነካል። ስንቷ ሉል ያደረገች ሴት በዚህ ምክንያት ሜሪ ወይም የእንግሊዟ ንግሥት ጄን ግሬይ ተባለች! ወራሾችም ሳይዋሹ ይሳሳታሉ። አያት የገመቱትን የልጅ ልጅ ይምልበታል።

አርማም ቢሆን በጥንቃቄ ነው። ሠዓሊው ሆልባይን በ1536 ገደማ የሣላት፣ ዛሬ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለች ሴት አለች። አብሯት ባለው የፔምበርተን ቤተሰብ አርማ የተነሳ ለዓመታት «ወይዘሮ ፔምበርተን» ስትባል ኖረች። ኋላ ሲጣራ ፔምበርተን ባሏ ሳይሆን አባቷ ነው። ሴትዮዋ የለንደን ነጋዴ ሚስት ጄን ስሞል ናት፤ የመኳንንት ወገን አይደለችም። አግብታም የአባቷን ስም ለማትተው የአገራችን ሴት ይህ ስህተት ያስቃታል።

ዕድሜ ላይ እኔም ወድቄያለሁ። ሥዕሉ ላይ በላቲን «ኤታቲስ ስዌ 25» (በዕድሜው 25ኛ ዓመት) ካለ ሰውየው 24 ሞልቶ 25ን ይዟል ማለት ነው። 25 የሞላው መስሎኝ በታናሽ ወንድም ፋንታ ታላቁን መዘገብኩ። ታትሞም ወጣ። በዚያ ላይ እንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ ዓመት የምትቀይረው ማርች 25 ነበር፤ የእነሱ ፌብሩዋሪ 1588 በዛሬው አቆጣጠር 1589 ነው። በሁለት ካሌንደር ለምንኖር ለእኛ ይህ መቼም አይከብደንም።

«ፊቷ የነጣው ባላባት ስለሆነች ነው» አትበሉ። የሚኒየቸር ሠዓሊው ሂሊያርድ ብራና ላይ የቀባው የጉንጭ ቅላት በብርሃን ደብዝዞ ነው። ጥቁር የሚመስለው ጌጥም የጠቆረ ብር ሊሆን ይችላል።

መያዣውን በቢላ አትክፈቱ። በቃ።

«አፍንጫው ቁርጥ እሱን» ማስረጃ አይደለም።

አንዳንዱ ደግሞ እንዳይታወቅ ተብሎ የተሣለ ነው። በ1785 የዌልስ ልዑል፣ ኋላ ጆርጅ 4ኛ የተባለው፣ ለሚወዳት ለማሪያ ፊትዝኸርበርት የአንድ ዓይኑን ሥዕል ብቻ ላከላት። ይህን የምናውቀው እሱ ራሱ ከጻፈላት ደብዳቤ ነው። አምና እኔም ዘንድ አንድ ዓይን መጣ፤ ደብዳቤ የለው፣ ፊርማ የለው። ባለቤቱ «ልዑሉ ነው» ብሎ ቢለምነኝም «ያልታወቀ ሰው፣ ግራ ዓይን» ብዬ መዘገብኩት።