እርድ፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ ስትጠቀሙ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ጉልበቱን ያመመው ሰው ይመጣና ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የህመም ማስታገሻ ይጠይቃል። "ሌላ የምትወስደው ነገር አለ?" እለዋለሁ። "ምንም!" ሒሳብ ከፍሎ ሊወጣ ሲል ነው እንግዲህ "ጠዋት ጠዋት ግን በባዶ ሆዴ እርድና ነጭ ሽንኩርት በማር እወስዳለሁ" የሚለው።

እነዚህን ዕፅዋት የምንቅ እንዳይመስላችሁ። እርድ ውስጥ ኩርኩሚን፣ ጥቁር አዝሙድ ውስጥ ታይሞኪኖን አለ። ሁለቱም መቅላትን፣ ማበጥንና መቆጣትን እንደሚቀንሱ በቤተ ሙከራ ታይቷል። የዝንጅብሉ ጂንጀሮል ደግሞ ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ህመም ቀስቃሽ ነገር የሚቀንሰው ማስታገሻው አይቡፕሮፌን በሚሠራበት መንገድ ነው። ታዲያ እንደ አይቡፕሮፌን የሚሠራ ነገር "ምንም" ይባላል?

ከደም ማቅጠኛ ጋር መደራረብ። ይሄኛው ያንገበግበኛል። አገራችን ውስጥ ከልጅነት ቶንሲል በመጣ የልብ ህመም ቫልቫቸው ተቀይሮ ዋርፋሪን የሚወስዱ ብዙ ወጣቶች አሉ። ዋርፋሪን ትንሽ ሲበዛ ያደማል፣ ትንሽ ሲያንስ ደም ይረጋል፤ ለዚህ ነው አይኤንአር የሚባለው የደም መርጋት መለኪያ በየጊዜው የሚታየው። አንዲት ልጅ ጥርሷን ስትቦርሽ ድዷ እየደማ፣ ጭኗ ላይ ሳትመታ በለዝ እየወጣ መጣች። "ዶክተር፣ ኪኒኔን አንድም ቀን አላዛባሁም" አለችኝ፤ እውነቷን ነው። እናቷ ግን ጉንፋን እንዳይዛት ብለው ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና እርድ አንድ ላይ ፈጭተው በማር ለውሰው ጠዋትና ማታ በሾርባ ማንኪያ ይሰጧት ነበር። ሦስቱም በብዛት ሲወሰዱ ደም እንዲረጋ የሚያግዙት ፕሌትሌቶች እርስ በርስ እንዳይያያዙ ያደርጋሉ፣ በዋርፋሪን ላይ ሲደመሩ ደግሞ... ያኔውኑ ወደ ሐኪሟ ላክኋት፣ አይኤንአሯ ከሚፈለገው በላይ ወጥቶ ተገኘ። ወጥ ውስጥ ስለሚገባው ቅመም አይደለም የማወራው። በማንኪያ ስለሚዋጠው ነው። ደም እንዳይረጋ አስፕሪን ወይም ክሎፒዶግሬል የምትወስዱም ያው ናችሁ። ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ያላችሁ ሰዎችም ለሐኪሙ ቀደም ብላችሁ ንገሩ፤ ጠረጴዛው ላይ ተኝታችሁ አይደለም።

እርድን በሙቅ ውሃ ጠጥቶ ተአምር መጠበቅ። ኩርኩሚን ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባውም በጣም ጥቂት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ 3 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ ኩርኩሚኑ 90 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው። የጉልበት ህመም ላይ የተደረጉት ጥናቶች በአብዛኛው የሚሰጡት በቀን ከ500 እስከ 1500 ሚሊ ግራም የተጣራ ኩርኩሚን ነው። ስለዚህ በሻይ ብርጭቆ ጠጥቶ "አልሠራልኝም" ማለት አያስገርምም። ዘይትና ቁንዶ በርበሬ ያግዙታል። የእናቶቻችን አልጫ ይህን ሳያስበው አሟልቷል።

በቁንዶ በርበሬው ማበድ። ህንድ ውስጥ ተሠርቶ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፒፔሪን የኩርኩሚንን መመጠጥ በ20 እጥፍ እንደሚያሳድግ አሳየ። ይህ ወሬ ከተሰማ ወዲህ ሁሉም ሰው ቁንዶ በርበሬ በማንኪያ ይቅማል። ግን ፒፔሪን ኩርኩሚንን ብቻ መርጦ አይረዳም። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ፌኒቶይንና የልብ መድኃኒቱን ፕሮፕራኖሎልንም ደም ውስጥ ከፍ ያደርጋቸዋል።

ትኩሳት በመጣ ቁጥር "ምች ነው"። ዳማከሴ አሽቶ መማግ ደስ ይላል፣ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ከቆላ የተመለሰ ሰው ብርድ ብርድ ብሎት፣ አልቦት፣ እንደገና ሲያንቀጠቅጠው ዳማከሴ ይዞ ቤት መተኛት ምን የሚሉት ነው? ወባ ሊሆን ይችላል! የጣት ደም ምርመራ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። መጀመሪያ ተመርመሩ፣ ዳማከሴው የትም አይሄድም።

በሁለት ቀን የሚያስነሳ ዱቄት ማመን። ዓመታት ያሰቃየ የመገጣጠሚያ ህመም በሁለት ቀን ድራሹ ከጠፋ ጠርጥሩ። "ባህላዊ" ተብለው በሚሸጡ ዱቄቶች ውስጥ ዴክሳሜታዞን የሚባል ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኃኒት ተቀላቅሎ መገኘቱ በብዙ አገር የታወቀ ነው። ፊት ይነፋል፣ ስኳርና ደም ግፊት ይወጣል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፈታል። ዘመድ አዝማዱም "ተስማማሽ እኮ፣ ወፈርሽ" ይላል። ለሳምንታት ወስዳችሁት ከሆነ ግን በራሳችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አታቁሙ፤ ሰውነት ኮርቲዞል የሚባለውን የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን መሥራት አቁሞ ሊሆን ስለሚችል ድንገት ማቋረጡ ራሱ አደገኛ ነው። ዱቄቱን ከነላስቲኩ ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ጤና አዳምን ቆዳ ላይ ቀብቶ ፀሐይ መሞቅ። ጭማቂው ፀሐይ ሲነካው ቆዳ ያቃጥላል፣ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል። ያበጠ ቁርጭምጭሚት ላይ ቀብተው በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሰዎች የፈላ ውሃ የደፋባቸው መስለው ይመጣሉ። ነፍሰ ጡሮች ደግሞ መጠጣቱን ጭራሽ ተዉት፤ ማህፀን ያኮማትራል።

የሐሞት ጠጠርን መርሳት። እርድ የሐሞት ከረጢትን ያኮማትራል። ጠጠር ካለባችሁ በማንኪያ የሚለው ነገር ይቅርባችሁ።

እሬትን ከነቢጫው መጠጣት። ለቃጠሎና ለቆዳ የሚሆነው መሐል ያለው ግልጹ ዝልግልግ ነው። ከልጡ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ አሎይን አለበት፤ ሆድን በኃይል ያስቀምጣል። ቅጠሉን ቆርጣችሁ ዘቅዝቃችሁ አቁሙት፣ ቢጫው ተንጠባጥቦ ይውጣ፣ ከዚያ እጠቡና ልጡን ላጡ።