ከደብረ ብርሃን እስከ ዝዋይ፦ በጀልባ ዓሣ የማጥመድ የዕረፍት ጉዞን እንዴት ማቀድ ይቻላል?

ለዕረፍት ወጥተው በጀልባ ዓሣ ለማጥመድ የሚያስቡ የሰሜን ሸዋ ቤተሰቦች ዕቅዳቸውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከመኪና ኪራይና ከሆቴል ነው። ዕቅዱ መጀመር ያለበት ግን ከሐይቁ ማለዳ ነው። ጀልባው ከዳርቻው የሚነሣበትን ሰዓት አስቀድሞ ወስኖ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠሩ አዳሩን፣ መንገዱንና ከቤት የሚነሡበትን ቀን መወሰን ቤተሰቡን ከከንቱ ድካም ያድናል።

ምክንያቱ ነፋስ ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ውሃው ማለዳ ረግቶ ይቆያል፤ ፀሐይ እየበረታች ስትሄድ ነፋሱ ይነሣል፤ ከቀትር በኋላም እንደ ዝዋይ ባለ ሰፊና ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነ ሐይቅ ላይ እየተከታተለ የሚመታ ማዕበል ይፈጠራል። እኔ ይህን የተረዳሁት ከደብረ ብርሃን ሌሊት ተነሥተን በዚያው ቀን እናጠምዳለን ብለን በሄድንበት የመጀመሪያ ጉዞ ነው። ስንደርስ ቀትር አልፎ ነበር፤ ጀልባ ነጂው አሳፍሮን ቢወጣም ገና ከደንገሉ ሳንርቅ ውሃው ወደ ጀልባው ይረጭ ጀመር፤ ልጆቹ ፈርተው አለቀሱ፤ አንድም ዓሣ ሳንይዝ ተመለስን።

ስለዚህ ማጥመጃው ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ይሁን። በዚያ ሰዓት ጀልባ ላይ ለመገኘት የዋዜማውን ሌሊት ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ከተማ ማደር የግድ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ በሞጆና በመቂ በኩል ዝዋይ ደግሞ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ የአዲስ አበባው የመኪና መጨናነቅ ሲታከልበት መንገዱ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ይወስዳል። አንድ ቀን ለመሄድ፣ አንድ ቀን ለማጥመድና ለማረፍ፣ አንድ ቀን ለመመለስ ቢመደብ ጉዞው ሦስት ቀን ይሆናል። ከዚህ ማሳጠር አይቻልም ባይባልም እኔ አልመክረውም።

ዝዋይን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በደሴ በኩል የሚገኘው፣ ስሙም «ሐይቅ» የሚባለው የውሃ ስፍራ ከደብረ ብርሃን ወደ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በርቀት ከዝዋይ ጋር ይቀራረባል፤ ውበቱና የእስጢፋኖስ ገዳሙ ታሪክም ለጉዞ ይጋብዛል። ነገር ግን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ የሚደርስ በመሆኑ ዋና ለማያውቅ ጀማሪ ቀዳሚ ምርጫ አላደርገውም። የዝዋይ ጥልቀት ግን በጣም ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ 9 ሜትር ያህል ነው፤ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚባለው ዓሣም በዳርቻው ሣርና ደንገል አካባቢ ስለሚውል ወደ መሀል ሳይርቁ ማጥመድ ይቻላል። የትኛውንም መንገድ ቢመርጡ ግን ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ደኅንነት በዚያው ሰሞን ከተጓዙ ሹፌሮች ይጠይቁ።

ለእኛ አገር ሰው ከሁሉ የሚመቸው ጊዜ ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለው ነው። ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ ተማሪዎች የወሰነ ትምህርት ዕረፍታቸውን የሚያገኙት በዚሁ ሰሞን ነው፤ ዝናብም የለም። በጾም ወራት የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ አስጋሪዎች ጀልባቸውን ለጎብኚ ከማከራየት ይልቅ ለሥራቸው ያውሉታል፤ ዓሣን በጾም የማይበላ ቤተሰብም ያጠመደውን ሳይቀምስ ይመለሳል። ክረምቱ ደግሞ ድንገተኛ ዝናብና መብረቅ ስላለበት ጨርሶ ይቅር።

ከጀልባ ባለቤቱ ጋር የሚደረገው ስምምነት ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከተማው እንደደረሱ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ወደ ሐይቁ ዳር ወርደው ጀልባውን በዓይንዎ ይዩ። ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ? በሰዓት ነው ወይስ ለሙሉ ጠዋቱ? ነዳጅ ታስቧል? መንጠቆና ክር የማን ነው? የተያዘው ዓሣስ የማን ይሆናል? እነዚህን ሁሉ ከመሳፈር በፊት አንድ በአንድ ተነጋግሮ መጨረስ ይገባል፤ ውሃ ላይ ከወጡ በኋላ የሚነሣ የዋጋ ክርክር ለሁለቱም ወገን ያስቸግራል። ከዋጋ የሚቀድመው ግን የሕይወት አድን ጃኬት ነው። በሰው ቁጥር ልክ መኖሩን፣ ማሰሪያው መሥራቱን፣ ለልጅ የሚሆን መጠን መገኘቱን ራስዎ ቆጥረው ያረጋግጡ፤ ከጎደለ፣ ባለ ጀልባው ምንም ያህል ቢያባብልዎ፣ ሌላ ጀልባ ይፈልጉ። ነጂው ጉማሬ የሚውልበትን ስፍራ እንዲያስረዳዎና ከዚያ እንዲርቅ አስቀድመው ይጠይቁ፤ በዝዋይ ጉማሬ አለና። የዓሣ ሀብትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 315 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ወጥቶ ስለሚገኝ፣ ለመዝናኛ ለሚያጠምድ ሰው የሚጠየቅ ፈቃድ ካለ ከወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅም ተገቢ ነው።

ደሴቶቹን ማየት የሚፈልግ ሰው ሌላ ቀን ይመድብ። የደብረ ጽዮን ገዳም ያለባት ቱሉ ጉዶ ሩቅ ናት፤ ከማጥመድ ጋር ከተደረበች ሁለቱም ይበላሻሉ። ከደሴቶቹ አንዷ ደብረ ሲና መባሏ ግን በጣርማበር ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ከተማ የሚመላለስ የአገራችንን ሰው ደስ ሳያሰኘው አይቀርም።

በዝዋይ በብዛት የሚያዙት ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ ናቸው። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ስለሆነ ትንሽ መንጠቆ፣ ቀጭን ክርና በላዩ የሚንሳፈፍ ቡሽ ይበቃዋል፤ ትል ወይም ጠንከር ብሎ የተቦካ የስንዴ ሊጥ ይሰካለታል። ቡሹ በቀስታ ሲነቀነቅ ወዲያው አይሳቡ፤ ጠልቆ ሲሄድ ግን በእጅ አንጓ ብቻ ሳብ ያድርጉ። አምባዛ ወደ ታች ወርዶ የሚመገብ በመሆኑ ትልቅ መንጠቆና ክሩን ወደ ታች የሚጎትት እርሳስ ይፈልጋል። ሲያዝም በጎንና በጎን ያለው እሾሁ እጅ ስለሚወጋ ከጭንቅላቱ ጀርባ በጨርቅ መያዝ ይሻላል፤ አየር መተንፈስ ስለሚችል ከውሃ ወጥቶም ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ሞተ ብለው አይዘናጉ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። አፏ ውስጥ እንቁላል ወይም ጫጩት ያላት ቆሮሶ ብትያዝ በጥንቃቄ ወደ ውሃው ይመልሷት፤ ትንንሾቹንም እንዲሁ። ይህን ለልጆች ማሳየት በራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

ስለ ልብስ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። የደብረ ብርሃን ሰው ማለዳ ሲበርደው ጋቢ መደረብ ልማዱ ነው፤ ጀልባ ላይ ግን ጋቢም ሆነ በርኖስ አይለበስ። ውሃ ሲነካው ይከብዳል፤ የወደቀውን ሰው ወደ ታች ይጎትታል። ሹራብ ለብሶ የሕይወት አድን ጃኬቱን በላዩ ማሰር፣ ባርኔጣና የሚጠጣ ውሃ መያዝ ይበቃል። ጀልባው ሲሄድ ማንም አይቁም።

ዓሣውን ወደ ቤት ለመውሰድ ከታሰበ ሆድ ዕቃውን እዚያው አስወጥቶ፣ አጥቦ፣ በረዶ በተሞላ ማቀዝቀዣ ሣጥን መያዝ ያስፈልጋል። በቆላ ሙቀት በፌስታል ተቋጥሮ የተጓዘ ዓሣ ደብረ ብርሃን ሳይደርስ ይበላሻል። በረዶ ካልተገኘ እዚያው አስጠብሶ መብላት የተሻለ ነው፤ ጥሬውን ግን አይብሉ።

የመጨረሻው ጉዳይ ጤና ነው። የዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለበት፤ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሣር በበዛበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ስለሚኖሩ በባዶ እግር አይግቡ፤ ጀልባው ወደ ደረቁ እንዲጠጋ ያስደርጉ ወይም ረጅም የላስቲክ ቦት ጫማ ያድርጉ። ወባም አለ፤ አልጋ ሲይዙ አጎበር መኖሩን ይጠይቁ፤ ከምሽት ጀምሮ እጅጌው ረጅም ልብስ ይልበሱ። ወባ ምልክቱን የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሳምንት በኋላ ስለሆነ፣ ቤትዎ ገብተው ከሰነበቱ በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ቢጀምርዎ የደብረ ብርሃን ቅዝቃዜ ያመጣው ጉንፋን ነው ብለው አይቆዩ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄደው ዝዋይ አድረው እንደነበር ለሐኪሙ ይንገሩና ደምዎን ያስመርምሩ።