ትንሿ ሚዛን ስትዋዥቅ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ በወርቅና በብር አንጥረኞች ጠረጴዛ ላይ እስከ 0.01 ግራም የምትለይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ማየት የተለመደ ነው። በሌላ አገር ለዒላማ ተኩስ ውድድር ጥይታቸውን ራሳቸው የሚሞሉ ስፖርተኞች ባሩዳቸውን የሚመዝኑት በዚህችው ዓይነት ሚዛን ነው። ሥራው ቢለያይም ሚዛኗ የምታመጣው ጣጣ አንድ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ዕቃ ደጋግመው እያነሡ እያስቀመጡ ቁጥሩን ይጻፉ። በየጊዜው የተለያየ ቁጥር ከሰጠች ሚዛኗ ትዋዥቃለች። ሁልጊዜ አንድ ቁጥር እየሰጠች ከእውነተኛው ክብደት ከራቀች ደግሞ የሚያስፈልጋት ካሊብሬሽን፣ ማለትም ክብደቱ በታወቀ የሚዛን ድንጋይ ቁጥሯን ማስተካከል ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳይለይ ወደ ካሊብሬሽኑ ቁልፍ ይሮጣል። የምትዋዥቅ ሚዛንን ካሊብሬት ማድረግ ስሕተቱን በማኅተም ማጽናት ነው፤ እባክዎ አያድርጉት።

ቁጥሩ አይረጋም

ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የቦታው ነው። በሩ ወደ መንገድ የተከፈተ ሱቅ፣ ጎረቤት ያለ ወፍጮ፣ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ለመዋዠቅ ይበቃሉ። ሚዛኗን ከግድግዳ ጋር በተያያዘ የሲሚንቶ ወይም የድንጋይ መደብ ላይ ያኑሯት፤ በውሃ ልክ ያስተካክሏት፤ ነፋስ እንዳይነካት በካርቶን ይከልሏት። ከወናፉና ከከሰሉ ያርቋት፤ ውስጧ ያለው የአሉሚኒየም ዘንግ በሙቀት ሲለጠጥ ቁጥሩ ይሸሻል። ብርዱ በሚጠነክርበት የደብረ ማርቆስ ጠዋት ደግሞ ከፍተው ወዲያው አይመዝኑ፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ትሙቅ። ባትሪው ሲደክምም እንዲሁ ታደርጋለች፤ ርካሹ መፍትሔ እሱን መቀየር ስለሆነ መጀመሪያ ይሞክሩት።

ሳህኑ ባዶ ሆኖ ወደ ዜሮ አትመለስም

ሳህኑን አንሥተው ከሥሩ ይመልከቱ። በሞረድ የተፋቀ ብር ብናኝ በሳህኑና በአካሏ መካከል ገብቶ ሳህኑን ደግፎ ይይዘዋል። በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት፤ በአፍ አይንፉት፣ ብናኙ ወደ ውስጥ ይገባል። ከጸዳች በኋላም ካልተመለሰች ከአቅሟ በላይ ተጭኖባት ወይም ወድቃ ዘንጉ ጎብጧል። ይህ አይጠገንም፤ ሌላ መግዛት ነው።

ጥቂት በጥቂት ሲጨምሩ ቁጥሩ አይንቀሳቀስም

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ምንም የተበላሸ አይመስልም። ሚዛኗ ዜሮ ላይ ቆማ ሳለ የሚመጣባትን ጥቃቅን ለውጥ የሙቀት መዋዠቅ ነው ብላ ራሷ ትሰርዘዋለች፤ ይህ የተሠራላት ጠባይ ነው። አንጥረኛው ለብየዳ የሚጠቀምበትን ዱቄት፣ ቦራክሱን፣ በጣቱ ቆንጥሮ ቆንጥሮ ሲጥል የመጀመሪያዎቹ ቁንጥሮች ሳይቆጠሩ ይቀራሉ፤ ባሩድ በጥቂቱ የሚያንጠባጥበው ስፖርተኛም ያው ነው የሚደርስበት። መፍትሔው ቀላል ነው፦ 20 ግራም የሚመዝን የሚዛን ድንጋይ አስቀድመው ሳህኑ ላይ ያድርጉና ዜሮ የሚያደርገውን ቁልፍ ሳይነኩ ከ20.00 ጀምረው ይጨምሩ፤ በመጨረሻ ይቀንሱታል። ጨምረው ከጨረሱ በኋላም ሳህኑን ከነዕቃው አንሥተው መልሰው ያስቀምጡና ቁጥሩ ያው መሆኑን ይዩ።

ቁጥሩ በድንገት 15 ወይም 5 እጥፍ ሆነ

የመለኪያ መቀየሪያው ቁልፍ ተነክቷል። 10 ግራም 154.3 ካለች በግሬን፣ 50 ካለች በካራት እየመዘነች ነው። ወደ ግራም ይመልሷት።

ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ትሳሳታለች

እንዲህ ያለችው ሚዛን የምትለካው የምድርን ስበት ነው፤ ስበት ደግሞ ከምድር ወገብ አጠገብና ከፍታ ላይ ይቀንሳል። ጀርመን ውስጥ ተስተካክላ የመጣች ሚዛን ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ፣ 100 ግራሙን ወደ 99.6 ገደማ ታነበዋለች። ሻጩም ሚዛኗም አልዋሹም፤ በሚሠሩበት ቦታ ካሊብሬት ሳትደረግ ቀርታ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ ሲወስዷት እንኳ በ100 ግራም ላይ 0.02 ግራም ያህል ልዩነት ስለሚኖር ከተማ ከቀየሩ ይድገሙት።

ለካሊብሬሽኑ ኤም 1 የሚል ደረጃ ያለው የሚዛን ድንጋይ ይበቃል፤ ባለ 100 ግራሙ ስሕተት ከ5 ሚሊግራም አይበልጥም። በባዶ እጅ አይንኩት፤ የጣት ወዝ ይቀርበታል። በጠገራ ብር ማስተካከል በእኛ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ ወቄቱም የአንድ ጠገራ ክብደት ነበርና። 1780 የሚል ዓመት የታተመበት ያ ብር ሲወጣ 28.07 ግራም ነው። ሆኖም በእጅ ብዛት የተፋቀና የተበሳ ጠገራ ምን ያህል እንደጎደለ በዓይን አይታወቅም። ሚዛኗ በጣም ከራቀች ለመጠርጠር ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለማስተካከያ አይሆንም። ደንበኛ በግራም የሚከፍልበትን ሚዛን በእንዲህ ያለ ብር ማስተካከል ተገቢ አይደለም።

በበጋ ብቻ ትበላሻለች

በደረቁ ወራት የፕላስቲክ ሳህንና የሱፍ ሹራብ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማሉ፤ ቁጥሩም ማንም ሳይነካት ቀስ እያለ ይሄዳል። ዕቃውን በብረት ሳህን ይመዝኑ፤ ከመመዘንዎ በፊት እጅዎን መሬት የነካ ብረት ላይ ያሳርፉ።