በከተማ ፍሳሽ ውስጥ መድኃኒት የተላመደ ኢ. ኮላይን እንዴት እንቆጥራለን?

በአንጀት ውስጥ የሚኖረውን ኢ. ኮላይን ጨምሮ መድኃኒት (አንቲባዮቲክ) የተላመዱ ባክቴሪያዎች በከተማ ፍሳሽ ውስጥ መኖራቸው አያጠራጥርም። ሊለካ የሚገባው ከመቶ ስንቱ ተላምዷል የሚለው ነው። ዝናብ ፍሳሹን ሲያቀጥነው ቁጥሩ ይወርዳል፤ ድርሻው ግን ያን ያህል አይዋዥቅም። ስለዚህ እያንዳንዱን ናሙና መድኃኒት በሌለበትም ባለበትም አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት የረጋ ምግብ) ላይ እናሳድጋለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የትራይሳይክል ፕሮቶኮልም (የተላመደ ኢ. ኮላይን መከታተያ መመሪያ) የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

ናሙናውን ፍሳሹ ወደ ማጣሪያ ጣቢያው ከሚገባበት፣ በደንብ ከሚናወጥበት ቦታ ይቅዱ፤ ከአረፋው ወይም ከደለሉ አይውሰዱ። ክሎሪን የገባበት ውሃ ከሆነ 120 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ውስጥ አስቀድመው 0.1 ሚሊ ሊትር የ10% ሶዲየም ታዮሰልፌት ይጨምሩ። አለዚያ ክሎሪኑ በመንገድ ላይም መግደሉን ይቀጥላል። ናሙናው ብርሃን ሳያገኘው በበረዶ ሳጥን ይጓጓዝ፤ ግን በረዶ እስኪሆን ድረስ አይቀዝቅዝ። ከ24 ሰዓት በላይ አያቆዩት።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው አጋሩ ላይ ነው። ቲቢኤክስ አጋር (ኢ. ኮላይን በቀለም የሚለይ) በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ በኦቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት በሚያመክን ዕቃ) ይቀቀል። ግማሹን እንዳለ ፔትሪ ዲሽ (ሳህን) ላይ ያፍስሱ። የቀረው ወደ 50 ዲግሪ እስኪወርድ፣ ማለትም ጠርሙሱን በእጅ ይዞ መቆየት እስኪቻል ይጠብቁ። ከዚያ በሊትር 4 ሚሊ ግራም ሴፎታክሲም የተባለው አንቲባዮቲክ ይግባበት፤ በሚሊ ሊትር 4 ሚሊ ግራም ካለው ብጥብጥ 1 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ዱቄቱን ሲመዝኑ መለያው ላይ የተጻፈውን የንጹህ መድኃኒት ድርሻ ያስሉበት። አጋሩ ትኩስ ሳለ ከጨመሩት መድኃኒቱ ይፈርሳል፤ ያልተላመደውም ያድግና ከተማው ሁሉ የተላመደ ይመስላል። ለዚህ ነው በእያንዳንዱ ዙር ኤቲሲሲ 25922 የተባለውን፣ መድኃኒት ያልተላመደ የማነጻጸሪያ ኢ. ኮላይ ዝርያ መዝራት የግድ የሚሆነው። መድኃኒት ባለበት ሳህን ላይ ካደገ ዙሩን በሙሉ ይጣሉ።

ናሙናውን አጥብቀው ነቅንቀው በ0.85% የጨው ውሃ አሥር አሥር እጥፍ እያቀጠኑ ይሂዱ። ለጥሬ ፍሳሽ መድኃኒት በሌለው ላይ መቶ እና ሺህ እጥፍ የቀጠነው፣ መድኃኒት ባለው ላይ ያልቀጠነው እና አሥር እጥፍ የቀጠነው አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከእያንዳንዱ 0.1 ሚሊ ሊትር በደረቀ ሳህን ላይ ይዝሩ፤ እርጥብ ከሆነ ኮሎኒዎቹ (ባክቴሪያው ተራብቶ የሚሠራቸው ነጠብጣቦች) ይዋሃዳሉ። በ35–37 ዲግሪ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ይቆይ።

የሚቆጠረው ሰማያዊ አረንጓዴው ብቻ ነው፤ ክሬም መልክ ያላቸው ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው። ትልቅ ኮሎኒ ዙሪያውን ጥቃቅን ኮሎኒዎች ከከበቡት አይቁጠሯቸው፤ ትልቁ በኢንዛይሙ በዙሪያው ያለውን መድኃኒት ስላፈረሰላቸው ነው ያደጉት።

መድኃኒት በሌለው፣ መቶ እጥፍ በቀጠነው ሳህን ላይ 46 ኮሎኒ ቢገኝ በሚሊ ሊትር 46,000 ነው። መድኃኒት ባለው፣ አሥር እጥፍ በቀጠነው ላይ 23 ቢገኝ 2,300 ይሆናል፤ ድርሻው 5% ነው።

ከተላመዱት 5 ኮሎኒ ወስደው በመድኃኒት መፈተሻው ሙለር ሂንተን አጋር ላይ ያረጋግጡ። ሴፎታክሲም ከክላቩላኒክ አሲድ (መድኃኒት አፍራሹን ኢንዛይም ከሚያግድ) ጋር ያለበት ዲስክ፣ ሴፎታክሲም ብቻ ካለበት በ5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሰፋ ባክቴሪያ ያላደገበት ክብ ካሳየ ኢኤስቢኤል (ሴፎታክሲምን የመሰሉ መድኃኒቶችን የሚያፈርስ ኢንዛይም) የሚያመነጭ ነው። ልዩነት ባይታይም አይጣሉት፤ የተላመደው በሌላ መንገድ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ይመዝገብ።

ያገለገሉት ሳህኖች ወደ ቆሻሻ ከመሄዳቸው በፊት በ121 ዲግሪ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ኦቶክሌቭ ይግቡ፤ እዚያ ላይ የተከማቸው ከፍሳሹ ተመርጦ የተራባው የተላመደ ዘር ነው።