ሾትጋኑ ቀለህ ሲነክስ

ከፊል አውቶማቲክ ሾትጋን አንዴ ተኩሶ ሲነክስ፣ ማለትም ቀለሁን ሳይጥል ወይም አዲስ ጥይት ሳያጎርስ ሲቀር፣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው የተሰበረ ዕቃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተሰበረ ነገር የለም። ጥይቱ ደክሟል፣ ጥላሸት ሞልቷል፣ ወይም አንዲት ትንሽ ጎማ አርጅታለች። ስለዚህ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ቦልቱ (የበርሜሉን ኋላ የሚዘጋው ተንቀሳቃሽ ብረት) የት ላይ እንደቆመና ቀለሁ ምን እንደሚመስል እዩ።

መጀመሪያ ግን ጥንቃቄ። ምላጭ ተስቦ ጥይቱ ካልተኮሰ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታዞሩ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ድምፁ ከወትሮው ደከም ብሎ ከተሰማ ሌላ ጥይት እንዳታጎርሱ። ሁሉንም አራግፉና በርሜሉ ውስጥ የቀረ ነገር እንዳለ ተመልከቱ። ይሄ የማይዘለል ነው።

እንደ ምሳሌ ሬሚንግተን 1100ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣና አሜሪካ ውስጥ እስካሁን በብዙ ሰው እጅ ያለ ጠመንጃ ነው። ባሩዱ ሲነድ ከጋዙ ጥቂቱ በበርሜሉ ቀዳዳ ወርዶ ፒስተን ይገፋል። ፒስተኑ ቦልቱን ወደ ኋላ ይወስዳል፤ ቀለሁ ይወጣል፣ አዲሱ ጥይት ይገባል።

ቀለሁ ሳይወጣ መሀል ላይ ተነከሰ፣ ወይም ቦልቱ ከመጨረሻው ጥይት በኋላ ክፍት ሆኖ አልቆመም

ጉልበት አንሶታል ማለት ነው። ጥይት ቀይሩ። 24 ወይም 28 ግራም እርሳስ ባለው ቀላል ጥይት ከነከሰና በ32 ግራሙ ከሠራ መልሱን አግኝታችኋል። በርሜሉም ይታይ። ለረጅሙ 3 ኢንች ጥይት የተሠራው የማግነም በርሜል የጋዝ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ቀላል ጥይት አይገፋለትም። ቀዳዳውን በድሪል እናስፋው የሚሉ አሉ፤ እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። ጠንካራ ጥይት የገባ ቀን ቦልቱ ከልክ በላይ ወደ ኋላ እየተመታ ጠመንጃውን ይጎዳል።

ጥይቱ ደህና ከሆነ የፊተኛውን እንጨት አውልቁ። የካዝናው ቱቦ ላይ ከፒስተኑ ፊት ቀጭን የጎማ ቀለበት አለች። በሁለት ጣት ወጠር አድርጓት። ስንጥቅ ካያችሁባት ወይም ከደረቀች ጋዙ በዚያ ያመልጣል፣ ቀይሯት። ዋጋዋ ትንሽ ስለሆነ መለዋወጫ ቦርሳ ውስጥ አይጥፋ። ከዚያ የጋዝ ቀዳዳዎቹን ለስላሳ ሽቦ ባለው ብሩሽ፣ ቱቦውንና ፒስተኑን ደግሞ በማጽጃ ፈሳሽ ወልውሉ። ፒስተኑና ቀለበቱ በነበሩበት አቅጣጫ ይመለሱ፤ ተገልብጠው ሲገቡም ጠመንጃው ይነክሳል።

ቀለሁ ጥይት ቤቱ ውስጥ ተጣብቆ ቀረ

የቀለሁን ከንፈር እዩ። ቀለሁን ስቦ የሚያወጣው የቦልቱ መንጠቆ ቦጭቆት ከሆነ መንጠቆው ሥራውን ሠርቷል፣ የያዘው ጥይት ቤቱ ነው። ቆሽሿል ወይም ዝጓል፤ በብሩሽ አጽዱት። ርካሽ ጥይቶች ላይ ያለው የብረት ታችም አንዳንዴ አብጦ ይይዛል። ከንፈሩ ላይ ምንም ምልክት ከሌለ ግን ጥፋቱ የመንጠቆው ነው። ሥሩ ያለውን ቆሻሻ አውጡ፣ ሞላው ከላላ ይቀየር።

ቦልቱ ወደ ፊት ሲመለስ ይዘገያል

ብርድ ላይ ከሆነ ዘይቱ ወፍሯል። ጥርግ አድርጋችሁ ስስ ዘይት ብቻ ቀቡ። በሙቀትም ከዘገየ ሰደፉ ውስጥ ያለውን ሞላ ጠርጥሩ። ዝናብ የመታው ጠመንጃ ላይ ውሃው በዚያ ገብቶ ሞላውን ያዝገዋል፤ ሰደፉ ካልተፈታም አይታይም።

ቤኔሊ የተባለው የጣሊያን ፋብሪካ የሚሠራቸው ጋዝ የማይጠቀሙ ሾትጋኖች ሌላ ናቸው። የሚሠሩት ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ በሚመታበት ጉልበት ስለሆነ ሰደፉ ከግድግዳ ወይም ከማይነቃነቅ ነገር ጋር ተደግፎ ሲተኮስ ይነክሳሉ። ምላጭ ሲሳብ ቀጭ ብሎ ዝም ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቦልቱ በቀስታ ተመልሶ የፊት ጫፉ ዞሮ ሳይቆለፍ ቀርቷል። 30 ሰከንዱን ጠብቃችሁ አራግፉ። ስታጎርሱ ቦልቱን በእጅ አትሸኙት፤ ልቀቁትና በራሱ ጉልበት ይዝጋ።