ስታቲክ ሰርቬይ፦ አግድሙ ልክ ሆኖ ከፍታው እምቢ ሲል

ስታቲክ ሰርቬይ ማለት የጂፒኤስ ሪሲቨሮችን (የሳተላይት ምልክት ተቀባዮችን) ነጥቦች ላይ ተክሎ፣ ሳያነቃንቁ ለረጅም ጊዜ እያስመዘገቡ ቦታውንና ከፍታውን ማስላት ነው። ባትሪ ሙሉ፣ ሜሞሪ አጽዱ፣ አረፋውን መሃል አስገቡ የሚለውን አልፌዋለሁ። እሱን ለማያውቅ ሰው ሪሲቨር አይሰጠውም። እዚህ ያለው ቢሮ ገብታችሁ ዳታውን ስታወርዱ የሚያናድዳችሁ ነው።

ቤዝላይኑ ፍሎት ላይ ቀረ

ቤዝላይን በሁለት ሪሲቨሮች መካከል የሚሰላው መስመር ነው፤ ፍሎት ማለት ደግሞ ስሌቱ እርግጠኛ መልስ ላይ አልደረሰም ማለት ነው። ሁለቱ ሪሲቨሮች አብረው የቆዩበትን ጊዜ እዩ። አንዱ መኪና ተበላሽቶበት ዘግይቶ ከጀመረ፣ የሚጠቅማችሁ የጋራው ሰዓት ብቻ ነው። ኢፖኩንም፣ ማለትም በየስንት ሰከንዱ እንደሚመዘግቡ፣ እዩ። አንዱ በየ10፣ ሌላው በየ15 ሰከንዱ ከመዘገበ የሚገናኙት በየ30 ሰከንዱ ነው። ነጥቡ ባህር ዛፍ ሥር ወይም ቆርቆሮ ጣሪያ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ቦታ ቀይሩ። ሶፍትዌር አያድናችሁም።

ሰማዩ ክፍት ሆኖም ፍሎት ካለ፣ መቼ ነው የሠራችሁት? አገራችን ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ናት። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት አዮኖስፌሩ (የሳተላይቱ ምልክት የሚያልፍበት የላይኛው አየር) ይረበሻል፤ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ይብሳል። ጠዋት ድገሙት።

ሁሉም ነጥብ 200 ሜትር ገደማ ሸሽቷል

የድሮው ካርታ በአዲንዳን ነው፣ የእናንተ ውጤት በደብሊውጂኤስ 84፤ ሁለቱ መነሻቸው የተለያየ የኮኦርዲኔት ሥርዓቶች ናቸው። ሳተላይቱን አትሳደቡ።

አግድሙ ይዘጋል፣ ከፍታው አይዘጋም

ጠጉሬን ያሸበተው ይሄ ነው። ሉፑ (ከአንድ ነጥብ ተነስቶ እዚያው የሚመለስ የቤዝላይኖች ቀለበት) በአግድም በሚሊሜትር ይገጥማል፣ በከፍታ ግን 4፣ 6፣ 9 ሴንቲሜትር ይጎድላል። ሰው ሁሉ ወዲያው ጂኦይድ ሞዴሉን (የሳተላይቱን ከፍታ ከባሕር ጠለል ወደሚለካ ከፍታ የሚቀይረውን) ያማል። ተዉት! ሉፑ የሚዘጋው በኤሊፕሶይድ (ለስሌት በተበጀ ለስላሳ የምድር ቅርጽ) ከፍታ ነው፣ ጂኦይድ እዚያ ውስጥ የለም። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የአንቴና ቁመት ነው።

መጀመሪያ፣ ቁመቱ የት ድረስ ተለካ? በሰያፍ እስከ አንቴናው ጠርዝ 1.600 ለክታችሁ፣ ከመሃል እስከ ጠርዝ 9 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ ቀጥታው 1.597 ነው። ይሄ ትንሽ ነው። ጠርዙ 17 ሴንቲሜትር ሲሆን ግን 9 ሚሊሜትር ይሄዳል። ጉዱ ያለው ሶፍትዌሩ ላይ ነው። እስከ አንቴናው ታች የተለካውን “እስከ ፌዝ ሴንተር” (ምልክቱ የሚለካበት የአንቴናው ነጥብ) ብላችሁ ካስገባችሁት ሴንቲሜትሮች ይጠፋሉ። ፋይሉን ሁሉም ሶፍትዌር ወደሚያነበው ራይኔክስ ስትቀይሩ የአንቴናው ሞዴል ከጠፋም ያው ነው፤ እርማቱ አይሠራም፣ አብዛኛው ሶፍትዌር ደግሞ ጮክ ብሎ አይነግራችሁም።

ሁለተኛ፣ የተገለበጠ ቁጥር። 1.543 የነበረው 1.453 ተብሎ ይጻፋል። ስህተቱ በሚሊሜትር ለ9 ያለቀሪ የሚካፈል ከመሰለ፣ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

ሦስተኛው የስንፍና ነው። አንድ ልጅ ለሁለት ሴሽን (የልኬት ዙር) 1.612 ጽፎ መጣ። ትራይፖዱ ተነስቶ፣ በማግስቱ ተተክሎ፣ በሚሊሜትር እኩል! “እንዲህ ዕድለኛ ከሆንክ ሎተሪ ቁረጥ” አልኩት። ሲጠየቅ የመጀመሪያውን ቀን ቁጥር መቅዳቱ ወጣ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዘበኛው ከፀሐይ ለመጠለል ጃንጥላውን ትራይፖዱ እግር ላይ አስሮ ተኝቶበታል። አፈሩ መረሬ ነበር። የትራይፖዱ እግር ቀስ እያለ ሰመጠ። መጨረሻ ላይ ባንለካ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።

ስለዚህ፦ ቁመቱን በሦስት በኩል ለኩ፣ ሲጀመርም ሲያልቅም። በሜትርም በኢንችም ጻፉ፤ 1.543 ሜትር 60.75 ኢንች ነው፣ ካልገጠመ አንዱ ውሸት ነው። የት ድረስ እንደለካችሁ በፊልድ ሺቱ ላይ በሥዕል አሳዩ። ሜትሩ ቁጥሩን እያሳየ በስልክ ፎቶ አንሱ። ጫፏ የምትላወስ ርካሽ ሜትር ደግሞ ጣሏት፤ በብዙ ሺህ ብር የሚቆጠር አንቴና ሥር እሷን ይዞ መቆም ያሳፍራል።

ጥፋቱ ቢሮ ውስጥ ከተገኘ? ፎቶው ካለ ቁመቱን አርሙና እንደገና አስሉ። ከሌለ ነጥቡ ላይ ተመለሱ። ሉፑ እስኪዘጋ ቁመት መፈብረክ ስርቆት ነው። አደራ፣ አታድርጉት።

አግድሙም በጥቂት ሚሊሜትር ይዛነፋል

ጥፋተኛው ነጥቡን ወደ ታች የምታዩበት የትሪብራኩ (አንቴናው ትራይፖዱ ላይ የሚቀመጥበት መሠረት) ማያ መስታወት ነው። በቱንቢ አረጋግጡት።

ኦፐስ ፋይሉን መለሰ፣ ወይም ከድሮ ኮኦርዲኔት ጋር አልገጠመም

ኦፐስ የላካችሁለትን ፋይል በኢንተርኔት የሚያሰላ የአሜሪካ መንግሥት አገልግሎት ነው፤ ለስታቲክ ቢያንስ 2 ሰዓት ዳታ ይፈልጋል። ካልገጠመ ደግሞ ኮኦርዲኔቱ የየትኛው ቀን እንደሆነ (ይህም ኢፖክ ይባላል) እዩ፤ ኑቢያ ፕሌት (ከስምጥ ሸለቆው በስተምዕራብ ያለው የምድር ቅርፊት) በዓመት 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል፣ ከአሥር ዓመት በፊት የተለካ ነጥብ ሩብ ሜትር ርቆ ይገኛል።