አረንጓዴ የሚያስታውክ ጨቅላ፦ ከማዋለጃ ክፍል እስከ ቀዶ ሕክምና ድረስ የሚደረግለት

ጨቅላ ሕፃን አረንጓዴ ካስታወከ፣ ሌላ ምክንያት መኖሩ እስኪረጋገጥ ድረስ አንጀቱ ተዘግቷል ብላችሁ ያዙት። ሆዱ አልተነፋም፣ ልስልስ ነው፣ ደህና ይተኛል ብላችሁ አትዘናጉ። አንጀት በተፈጥሮ ቦታውን ሳይዝ ሲቀር ሰፊ መሠረት አይኖረውም፤ ጠባብ ግንድ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራልና በቀላሉ ይጠመዘዛል። ሲጠመዘዝ የመላው ትንሹ አንጀት ደም ሥር አብሮ ይታነቃል። መዘጋቱ ከላይ፣ ከጨጓራ በታች ስለሆነ ሆዱ መጀመሪያ ላይ አይነፋም። ሆዱ ተነፍቶ፣ ቆዳው ጠቁሮ፣ ሰገራው ደም እስኪቀላቅል ከጠበቃችሁ አንጀቱ ሞቷል። ጊዜው የሚቆጠረው በሰዓት ነው።

ቀለሙን በወሬ አትቀበሉ። ቅርሻት ነጭ ወይም የረጋ ወተት የመሰለ ነው፤ እንገር የጠባ ልጅ ደግሞ ቢጫ ሊያቀረሽ ይችላል። ሐሞት ግን እንደ ጎመን ቅጠል አረንጓዴ ነው። ያስታወከበትን ጨርቅ አስመጡ፣ ከሌለ የሚቀጥለውን በነጭ ጋዝ ተቀብላችሁ በቀን ብርሃን እዩት። ቤተሰብ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ሊያስቆርጥ፣ ወይም አብሽና ቅቤ ሊያውጠው ሊያስብ ይችላል። ሳትቆጡ፣ ግን በግልጽ ንገሯቸው፦ በአፉ ምንም አይግባ፤ እንጥል መቁረጥ ደም ያፈሰዋል፣ የተጠመዘዘውን አንጀት ግን አይፈታም። ተራ ራጅ ደህና መስሎ ቢታይም መጠምዘዝ የለም ማለት አይደለም፤ ማረጋገጫው የላይኛው አንጀት የመድኃኒት ራጅ ስለሆነ፣ እሱ የሌለበት ጤና ጣቢያ ጊዜ ሳያባክን ሪፈር ይጻፍ።

ብዙው የተፈጥሮ መዘጋት ግን ገና ማዋለጃው ላይ ሊያዝ የሚችል ነው። ሕፃኑ አፉን አረፋ እየሞላው፣ ደጋግሞ ቢጠረግም ምራቁ የማያልቅ ከሆነ፣ ሲጠባ ትን ብሎት ከጠቆረ፣ ከማጥባት በፊት 10 ፍሬንች (ፍሬንች የቱቦ ውፍረት መለኪያ ነው) ቱቦ በአፉ አስገቡ። ከድዱ 10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ላይ ድርቅ ብሎ ከቆመ የምግብ ቧንቧው ተዘግቷል። ቀጭን ቱቦ እዚህ ያታልላል፤ እላይ ተጠቅልሎ የገባ ይመስላል። ራሱን ከፍ አድርጋችሁ አስተኙት፣ የተዘጋውን የምግብ ቧንቧ የላይኛውን ከረጢት በየ10 እስከ 15 ደቂቃው ምጠጡ። በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቅ የትንፋሽ መስጫ) አለአግባብ አትንፉት፣ ብዙ ጊዜ በትንፋሽ ቧንቧውና በምግብ ቧንቧው የታችኛው ክፍል መካከል ባለ ቀዳዳ አየሩ ወደ ጨጓራ ሄዶ ሆዱን ይነፋዋል።

ፊንጢጣን በዓይን ብቻ ማየት አይበቃም። ለስላሳ 8 ፍሬንች ቱቦ ቅባት ቀብታችሁ 2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር መግባቱን አረጋግጡ፤ የብርጭቆ ቴርሞሜትር አትጠቀሙ። ሴት ከሆነች የብልቷን ከንፈሮች ለይታችሁ ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ፦ የሽንት፣ የብልት፣ የፊንጢጣ፣ ሦስት መሆን አለባቸው። ብዙ ጊዜ የሚሳተው እዚህ ነው፤ ዳይፐሩ ላይ ሰገራ ስለታየ ሁሉም ደህና ነው ይባላል፣ ሰገራው ግን በብልት መግቢያ ባለ ትንሽ ቀዳዳ እየወጣ ነው። ወንድ ከሆነ ሽንቱን በነጭ ጋዝ ተቀብላችሁ አረንጓዴ ሜኮኒየም (የመጀመሪያው ሰገራ) እንዳለው እዩ፣ ከቆለጡ ሥር ባለው መስመር ላይም የሚወጣበት ቀዳዳ እንዳለ ተከትላችሁ እዩ። ፊንጢጣው ዝግ ከሆነ ቀዶ ሐኪሙ የሚከፍትበትን ቦታ ለመወሰን እስከ 24 ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል፤ የጨጓራ ቱቦና የደም ሥር ፈሳሽ ግን አይጠብቁም። እንዲህ ያለ ልጅ ልቡን፣ ኩላሊቱን፣ አከርካሪውንና እጆቹን ጭምር መመርመር አለበት።

ፊንጢጣው ኖሮ በ48 ሰዓት ውስጥ ሜኮኒየም ካላወጣ ሂርሽስፕሩንግን ጠርጥሩ። የታችኛው አንጀት ነርቭ ስለሌለው አይላላም። ትኩሳት፣ የተነፋ ሆድና የሚሸት ተቅማጥ ከተጨመሩ አንጀቱ ተመርዟልና አስቸኳይ ነው። ማጠብ ካለባችሁ በለብ ያለ ኖርማል ሳላይን (0.9 በመቶ የጨው ውኃ)፣ በአንድ ጊዜ በኪሎ 10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር፣ የገባው ተመልሶ መውጣቱን እየለካችሁ ነው። የቧንቧ ውኃ ፈጽሞ አይግባ፤ የደሙን ሶዲየም አውርዶ ያንቀጠቅጠዋል።

አንጀቱ ውጭ ሆኖ ለተወለደ

ከእምብርቱ በስተቀኝ አንጀቱ ያለ ሽፋን ወጥቶ ከሆነ ሕፃኑ በየደቂቃው ሙቀትና ፈሳሽ እያጣ ነው። እርጥብ ጋዝ አታልብሱት፤ ይቀዘቅዛል፣ ይጣበቃል። ንጹሕ ጓንት አድርጉ፣ እግሩንና ሆዱን እስከ ብብቱ ድረስ በንጹሕና በሚያሳይ ፕላስቲክ ከረጢት አስገቡ፣ የከረጢቱን አፍ ሳታጠብቁ ሰብስቡ። በቀኝ ጎኑ አስተኙት፣ አንጀቱ ወደ ጎን እንዳይጎተት በተጠቀለለ ፎጣ ደግፉት። ከረጢቱ የሚያሳይ የሆነው በየ15 ደቂቃው ቀለሙን እንድታዩ ነው፤ ከሮዝ ወደ ጥቁር ከተለወጠ ሥሩ ታጥፏልና አቀማመጡን አስተካክሉ። ወደ ውስጥ ለመግፋት አትሞክሩ።

በእትብቱ ውስጥ በሽፋን ተጠቅልሎ ከወጣ ደግሞ ሽፋኑ እንዳይቀደድ በቫዝሊን ጋዝ ሸፍኑት፣ የደም ስኳሩን ለኩ፣ ልቡን አዳምጡ። እትብቱ ሥሩ ላይ ወፍሮ ካያችሁት ወደ ሆዱ አስጠግታችሁ አትቋጥሩት፤ ውስጡ አንጀት ሊኖር ይችላል።

ከመንገድ በፊት

ከአፍንጫ ወደ ጆሮ፣ ከዚያ በደረት አጥንት ጫፍና በእምብርት መካከል እስካለው ነጥብ ለክታችሁ 8 ፍሬንች ኤንጂ ቲዩብ (በአፍንጫ ወደ ጨጓራ የሚገባ ቱቦ) አስገቡ። 5 ፍሬንች ይደፈናል። ጫፉን ክፍት አድርጋችሁ ከሆዱ በታች አንጠልጥሉት፣ በየ2 ሰዓቱ ሳቡ። የወጣውን ሚሊ ለሚሊ በኖርማል ሳላይን ተኩ።

እጁ ከቀዘቀዘ፣ ቆዳውን በጣት ተጭናችሁ ስትለቁት ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሴኮንድ በላይ ከፈጀ፣ ኖርማል ሳላይን በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር በ30 ደቂቃ ስጡ፣ ደግማችሁ መርምሩ። ከዚያ 10 በመቶ ግሉኮስ፦ በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 60 ሚሊ ሊትር። 3 ኪሎ ለሆነ ልጅ በ24 ሰዓት 180፣ በሰዓት 7.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ 60 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር በሆነው ቡሬት (የፈሳሽ መመጠኛ) በደቂቃ 7 ወይም 8 ጠብታ ማለት ነው። 10 በመቶው ከሌለ 86 ሚሊ ሊትር 5 በመቶ ላይ 14 ሚሊ ሊትር 40 በመቶ ጨምሩ። የደም ስኳሩ በዴሲ ሊትር ከ45 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ በኪሎ 2 ሚሊ ሊትር ከዚሁ 10 በመቶ በደም ሥር ቀስ ብላችሁ ስጡ።

ቫይታሚን ኬ 1 ሚሊ ግራም በጡንቻ፤ ክብደቱ ከ1.5 ኪሎ በታች ከሆነ ግማሹ። በመጀመሪያው ሳምንት አምፒሲሊን በኪሎ 50 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ፣ ጀንታማይሲን ክብደቱ ሙሉ ለሆነ ልጅ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ። ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ካልሆነ መንገድ አይጀመር። አንጀቱ ውጭ ያልሆነ ልጅ ገላ ለገላ ከነቱቦው በእናቱ ደረት ላይ መጓዝ ይችላል፤ የቀዘቀዘ ልጅ ሆስፒታል ቢደርስም ሰመመን ሊሰጠው አይችልም።

ከአራስነት በኋላ የሚመጡ ሁለት ነገሮች አሉ። ከ2 እስከ 8 ሳምንት ያለ ሕፃን ወተቱን ራቅ አድርጎ እየተፋ፣ ሐሞት ሳይኖረው፣ ወዲያው ደግሞ ተርቦ የሚጠባ ከሆነ የጨጓራው መውጫ ወፍሯል። ይህ ሌሊት የሚሮጥበት ቀዶ ሕክምና አይደለም፤ መጀመሪያ የደሙ ጨዎች፣ ክሎራይዱና ፖታሲየሙ፣ ይስተካከሉ፣ ፖታሲየም የሚሰጠውም ሽንት ከታየ በኋላ ነው። ሁለተኛው ከ4 እስከ 10 ወር ያለ፣ ደህና የነበረ ልጅ በድንገት እግሩን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ሲያለቅስ፣ ከዚያ ዝም ብሎ ሲዝለፈለፍ፣ ደግሞ ሲጀምረው ነው። አንጀቱ በአንጀቱ ውስጥ ገብቷል። ደምና ንፍጥ ሲያይ «አሜባ ነው» ብሎ ሜትሮኒዳዞል ሰጥቶ የሚመልስ ባለሙያ ሕፃኑን ለሞት ያጋልጠዋል። ሆዱን በሁለቱ ለቅሶዎች መካከል፣ ሲዝለፈለፍ ዳብሱት፤ በቀኝ በኩል ሞላላ እብጠት ሊገኝ ይችላል። ቶሎ ከደረሰ ብዙ ጊዜ በአየር ወይም በፈሳሽ ግፊት ያለ ቢላ ይመለሳል፤ ሆዱ ከደነደነ ግን ግፊት አይሞከርም።

የሪፈር ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ አረንጓዴ ያስታወከበትን ሰዓት፣ ሜኮኒየም ያወጣበትን ሰዓት፣ በቱቦ የወጣውንና በደም ሥር የገባውን መጠን ጻፉ። ከመነሳታችሁ በፊት ለሚቀበለው ሆስፒታል ደውሉ፤ አልጋ የሌለበት ሆስፒታል በር ላይ የሚጠፋው ሰዓት የአንጀቱ ሰዓት ነው። እናቲቱ በቀዶ ሕክምና ወልዳ መሄድ ካልቻለች መፈረም የሚችል ሰው አብሮ ይሂድ፣ ከእሷም ለደም ማመሳሰያ ስምና ቀን የተጻፈበት የደም ናሙና ይላክ። እሷ ደግሞ በየ3 ሰዓቱ ጡቷን ትለብ፤ አንጀቱ ሲከፈት መጀመሪያ የሚገባው ያ ወተት ነው።